ሞተሩ ለምን ጠፋ? ኮዱ የሚናገረውና የማይናገረው

መኪናው ጠዋት በሰላም ይነሳል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን የትራፊክ መብራት ላይ እንደቆመ ይጠፋል። ጥቂት ቀዝቀዝ ሲል ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ኮድ ማንበቢያው ሲሰካ «ፒ0335» ይላል፤ የክራንክሻፍት ሴንሰር መስመር ችግር ማለት ነው። ባለመኪናው ሴንሰሩን ገዝቶ ያስገጥማል፤ በማግስቱ ሞተሩ እንደገና ይጠፋል። ኮዱ አልዋሸም። ኮድ እንደ ምስክር ነው፤ የሚናገረው ያየውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያየው ከዚያ መስመር የሚጠብቀው ምልክት መቅረቱን ነው። ያስቀረው ሴንሰሩ ይሁን ሽቦው ወይም የላላ ሶኬት፣ ያንን አላየም።

የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ብልጭታ ይፈልጋል። የባትሪው 12 ቮልት ግን በካንዴላው ጫፍ ያለውን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መዝለል አይችልም። ቮልቴጁን ወደ አሥር ሺዎች የሚያሳድገው ቦቢናው ነው። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። በአንደኛው የሚያልፈው ኮረንቲ ድንገት ሲቋረጥ፣ በዙሪያው የነበረው መግነጢሳዊ መስክ ይፈርስና ብዙ ሺህ ዙር በተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 በሙከራ ያሳየው ክስተት ነው። ኮረንቲው መቼ መቋረጥ እንዳለበት የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ፒስተኖቹ የት እንደደረሱ የሚያውቀው በዋናነት ከክራንክሻፍት ሴንሰር ነው። ያ ምልክት ሲጠፋ በብዙ መኪኖች ብልጭታውም ቤንዚኑም አብረው ይቆማሉ።

የዛሬዎቹ ኮዶች የመጡት ከጭስ ቁጥጥር ነው። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴል ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ 2 የተባለውን የምርመራ ሥርዓትና ባለ 16 ፒን ሶኬቱን እንዲይዙ አስገደደች። የኮዱ ፊደልና ቁጥሮችም ትርጉም አላቸው። «ፒ» ሞተርና ማርሽን ይመለከታል። ቀጥሎ የሚመጣው 0 ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ መሆኑን ሲያሳይ፣ 1 የአምራቹ የራሱ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ የሚከተለው 3 የብልጭታውን ክፍል ይጠቁማል። ለምሳሌ ፒ0301 ማለት በአንደኛው ሲሊንደር ቃጠሎ ተስቷል ማለት ነው።

ኮድ ከሚታሰበው በላይ ሊያሳስት እንደሚችል በአገራችን መንገዶች የሚበዙት ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ጥሩ ማሳያ ናቸው። 1ኤንዜድ ሞተር ባላቸው ሞዴሎች በየካንዴላው አናት ላይ አንድ አንድ ቦቢና ተቀምጧል፤ ለእያንዳንዱም አራት ሽቦ ይደርሰዋል። አንዱ ኮረንቲ፣ አንዱ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው ማሳ ነው። ሦስተኛው «አቀጣጥል» የሚለውን የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ያመጣል፤ አራተኛው «አቀጣጥያለሁ» የሚለውን የቦቢናውን መልስ ይወስዳል። መልሱ ሲቀር ኮምፒውተሩ እንደ ሲሊንደሩ ፒ1300፣ ፒ1305፣ ፒ1310 ወይም ፒ1315 ይመዘግባል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭስ የሚያጣራውን ካታላይዘር እንዳያበላሽም ቤንዚን ይቆርጣል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ለዚሁ ከፒ0351 እስከ ፒ0354 ያሉትን ይጠቀማሉ።

ችግሩ የአራቱ ቦቢናዎች መልስ ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው በአንድ የጋራ መስመር መሆኑ ነው። አንዱ ቦቢና ውስጡ ተበላሽቶ ያንን መስመር ከማሳ ጋር ካገናኘው የአራቱም መልስ ይታፈናል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ አራት ኮዶችም በአንድ ላይ ይመጣሉ። አራት ቦቢና መግዛት ግን አያስፈልግም። ሶኬታቸውን አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ነው፤ አንዱ ሲነቀል ሞተሩ በቀሩት በሦስቱ ከተነሳ በደለኛው እሱ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። መልሱ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያው ጥቅል ኮረንቲ መቋረጡን እንጂ ብልጭታው ካንዴላው ጋ መድረሱን አይደለም። የቦቢናው ጎማ ተሰንጥቆ ብልጭታው ወደ ሞተሩ ብረት ከዘለለ ፒ1300 አይመጣም፤ የሚመጣው ፒ0301 ነው።

ሲሞቅ ብቻ የሚከሰት ብልሽት ደግሞ መመርመር ያለበት እንደሞቀ ነው። መዳብ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ኮረንቲን የመቋቋም አቅሙ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የተሰነጠቀ ሽቦ ግን ሲለጠጥ ጨርሶ ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ስለዚህ በቀዘቀዘ ሴንሰር ላይ በቴስተር የተለካ «ደህና» ውጤት ብዙም አያስተማምንም። ሞተሩ እንደጠፋ ሞተሪኖው እያዞረው የኮድ ማንበቢያውን ማየት ይሻላል። ሞተሩ እየዞረ መሣሪያው ዙሩን 0 ካለ ምልክቱ ከመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦና ሶኬት እየነቀነቁ መፈተሽ ይገባል።

የመንገዱ ከፍታም ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። ለብልጭታ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ይጨምራል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ደካማ ቦቢና እንደምንም ይዘልቃል። ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ያኔ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጡት ቃጠሎ መሳት ይጀምራል። የቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቃጠሎው ካታላይዘሩን እስከሚያበላሽ ድረስ እየተሳተ ነውና እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት ያስፈልጋል።

ጋራዥ ሲደርሱ ከሁሉ በፊት ኮዱን ማስጠፋት አይገባም። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት አብሮ ያስቀምጣል፤ ኮዱ ሲጠፋ እነዚህም ይጠፋሉ። ከዚያ የባትሪው ጫፎችና የማሳ ሽቦው ይታዩ። ቀጥሎ የአንደኛውና የሁለተኛው ሲሊንደር ቦቢና ይቀያየሩ። ፒ0301 ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ቦቢናው ይለወጥ፤ ባለበት ከቀረ ካንዴላው፣ ሽቦውና ሶኬቱ ይመርመሩ። ሞተሩ እየጠፋ አንድም ኮድ ከሌለ ደግሞ የቤንዚን ፓምፑ ግፊት ይለካ፤ ብዙ መኪኖች ያንን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስለሌላቸው የፓምፑ መድከም ኮድ ላያመጣ ይችላል። ከእነዚህ ፍተሻዎች አብዛኞቹ ምንም መለዋወጫ አይጠይቁም፤ ግዢው ከእነሱ በኋላ ይምጣ።