ግራፊክስ ካርድና የባትሪ ዕድሜ
«ዴዲኬትድ ግራፊክስ አለው» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ስለ ባትሪው ብዙም አያነሣም። ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሀደ፣ በቀላል ሥራ 8 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በ50 ዋት-ሰዓት ባትሪ ከ6 ሰዓት በላይ ይሠራል። ለብቻው የተገጠመው ካርድ ተነሥቶ ፍጆታው 40 ዋት ከደረሰ ያው ባትሪ የሚቆየው 1 ሰዓት ከሩብ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ልዩነቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው ኦፕቲመስ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ያጠፋዋል፤ በብዙ ሞዴሎች ግን ፕሮጀክተር ከተሰካ ካርዱ አያርፍም።

ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ሕንፃ ለሚነድፍ ካርዱ ወጪውን ይመልሳል፤ እሱም ቢሆን ሶኬት አጠገብ። ለኤክሴልና ለደብዳቤ ግን ብሩን ለራም ማዋል ይሻላል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ይመልከት፤ «ጂፒዩ 0» እና «ጂፒዩ 1» ከታዩ ላፕቶፑ ሁለቱንም ይዟል።