ጊዜ ቆርጦ መሥራትና «ዛሬ ነገ» ማለት፦ ተረትና እውነታ ከላስታ ደጋ

ሥራን «ዛሬ ነገ» እያሉ ማሳደር፣ ማለትም አንድ ሰው መዘግየቱ እንደሚጎዳው እያወቀ ሊሠራው ያሰበውን በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ መግፋቱ፣ በሥነ ልቦና ሊቃውንት ብዙ የተመረመረ ጠባይ ነው። ከሚመከሩለት መላዎች አንዱ ለአንድ ሥራ መነሻውና መድረሻው አስቀድሞ የታወቀ ጊዜ መቁረጥ፣ በዚያም ጊዜ ሌላ ጉዳይ አለማስገባት ነው። ስለዚህ መላ ከሚነገረው ውስጥ ግን ብዙው ወይ የተሳሳተ ወይ የተጋነነ ሲሆን፣ በላሊበላና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ የኖረው የጊዜ አያያዝ ስሕተቱን ለማረም ቅርብ ማስረጃ ይሰጣል።

ተረት፦ ጊዜ ቆርጦ መሥራት ከባዕድ አገር የመጣ ልማድ ነው

«የሐበሻ ቀጠሮ» የሚለው ፌዝ ሥር ስለ ሰደደ፣ ቀንን ከፋፍሎ መሥራት ከፋብሪካና ከቢሮ ጋር የገባ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ሌቱና ቀኑ የእጅ ሰዓት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በሰባት የጸሎት ጊዜያት ተከፍሎ ኖሯል፤ ነግህ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ መንፈቀ ሌሊት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የላስታ ገበሬም ቢሆን በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሞፈርና ቀንበር እንደማያነሣ ስለሚያውቅ፣ የሚያርስበትንና የሚያርምበትን ቀን በእነዚህ መካከል ቆርጦ ያስቀምጣል። የበዓላቱ ብዛት ምርት ይቀንሳል የሚለው ክርክር የራሱ መልስ የሚሻ ቢሆንም፣ በዓሉ ቀድሞ የታወቀ በመሆኑ የቀረው የሥራ ቀን ይበልጥ ውድ እንደሚሆን የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንኳ በትውፊት የሚተረኩት በፈረቃ እንደ ተሠሩ ሆነው ነው፤ ሰዎች ቀን ሲጠርቡ ይውላሉ፣ መላእክት ሌሊቱን የዚያን እጥፍ ሲሠሩ ያድራሉ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ስፍራውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀ እንደ ተነገረው ጽፏል፤ እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ግን ጠረባው ከንጉሡ ዘመን ቀድሞ ተጀምሮ በየደረጃው ለረጅም ዘመን የቀጠለ እንደሆነ ይሟገታሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢወሰድ፣ ዓለቱ በአንድ የጋለ ስሜት አልተፈለፈለም።

ተረት፦ ሥራ የሚያሳድር ሰው ሰነፍ ነው

ሰነፍ መሥራት አይፈልግም፤ ሥራ የሚያሳድር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ነው፣ የሚሠራው ግን ሌላውን ነው። ሪፖርት መጻፍ ያለበት የወረዳ ሠራተኛ ረፋዱን ሙሉ ፋይል ሲያስተካክል፣ ጠረጴዛ ሲወለውል፣ የማያጣድፍ ደብዳቤ ሲመልስ ቢውል ሰነፍ ሊባል አይችልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሮይና ቲሞቲ ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ የሚሸሸው ሥራው ሳይሆን ሥራው የሚቀሰቅሰው መጥፎ ስሜት፣ ማለትም ፍርሃቱ፣ መሰልቸቱ ወይም ግራ መጋባቱ ነው፤ ሥራውን ማሳደር ለጊዜው ያን ስሜት ያስታግሳል፣ ዕዳውንም ለነገው ሰው ያስተላልፋል።

የተቆረጠ ጊዜ የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ስሜቱ በከበደበት ሰዓት «ልጀምር ወይስ ልተው?» ብሎ ራሱን ከጠየቀ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ ውሳኔው ስሜቱ ባልከበደበት ሌላ ሰዓት ተወስኖ መቆየት አለበት። የሥነ ልቦና ሊቁ ፒተር ጎልዊትዘር ይህን «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ አድርጎ የገለጸው ሲሆን፣ ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ እንዲህ ያለው ዕቅድ ከደረቅ ሐሳብ ይልቅ በግልጽ እንደሚያሠራ አሳይቷል።

ከላስታ ብዙ የማትርቀው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሟ የሚነሣ አገር ስትሆን፣ የቅኔ ቤቱ ውሎ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪው ቀን ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ጥላ ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቅኔ ይቆጥራል፤ ቆጠራ የሚባለው አዲስ ቅኔ አስቦ ቃሉንና ምጣኔውን ማስተካከል ነው። ሲመሽ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል፣ የኔታም ያርሙለታል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለው መወድስ አይጠበቅበትም፤ መወድስ የሚደርሰው በየደረጃው አልፎ ነው። ስለዚህ ሥራው በመጠን ትንሽ ነው፣ ጊዜው የተለየ ነው፣ ቦታው ጸጥ ያለ ነው፣ ከሁሉም በላይ ማታ የሚጠብቅ ሰው አለ። ቅኔ አልመጣልኝም ብሎ ማሳደር ይቻላል፤ በባዶ እጅ ከየኔታ ፊት መቅረብ ግን ቀላል አይደለም።

ተረት፦ ሰው ጥሩ የሚሠራው ጊዜው ሲያልቅበት ነው

ይህ አባባል የቆመው በመጨረሻው ሌሊት የሚሰማውን የመቸኮል ሙቀት ከሥራው ጥራት ጋር በማምታታት ነው። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 በተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሥራ የሚያሳድሩት መጀመሪያ ላይ ጭንቀታቸው ያነሰ ቢሆንም በኋላ ከሌሎቹ በልጦ፣ ውጤታቸውም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም የጊዜ ገደብ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ዳን አሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ ለራስ የተቆረጠ ገደብ አንድ የመጨረሻ ቀን ብቻ ከመጠበቅ ቢሻልም፣ በሌላ ሰው ተቆርጦ በእኩል የተከፋፈለ ገደብ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

ገበሬው ይህን በወንፈል ያውቀዋል። ወንፈል ጉልበትን በጉልበት መበዳደር ነው፤ ጎረቤቶች ሰኞ የአንዱን ገብስ ካረሙ ረቡዕ የሌላውን ያርማሉ፣ የወጣው ቀን በቀን ይመለሳል። በደቦ ደግሞ ባለ ሥራው ደግሶ ሰው ይጠራል፤ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ቀኑን ማዛወር አይቻልም፣ ጠላው ይኮመጥጣልና። አንድ ሰው ለራሱ ብቻ የቆረጠውን ሰዓት በራሱ ላይ ማፍረስ ቀላል ሲሆን፣ ጎረቤት እየጠበቀ ማፍረስ ግን ያሳፍራል። በየመጽሐፉ የሚሰበከው የግል ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚከሽፈውም ይህ የሌላ ሰው ዓይን ስለሚጎድለው ይመስላል።

ተረት፦ ቀኑ ጠቅጠቅ ተደርጎ በተሞላ ቁጥር ብዙ ይሠራል

ሰው ለሥራው የሚበቃውን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ተኩል ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ክፍት ቦታ ያልተተወለት ዕቅድ በመጀመሪያው ሥራ መዘግየት ብቻ ሙሉ በሙሉ ይናዳል፤ ብዙ የሚመከረው የ25 ደቂቃ ሥራና የ5 ደቂቃ ዕረፍትም ዘዴውን ያወጣው የፍራንቼስኮ ቺሪሎ የግል ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

በመጨረሻም፣ የዘገየ ሁሉ ያሳደረ አይደለም። በትግራይ የተነሣው ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሰሜን ወሎ ተዛምቶ ላሊበላ ለረጅም ወራት ያለ መብራት ስትቀር፣ ጎብኚ የቀረበት አስጎብኚ ሥራ አጣ እንጂ ሥራ አላሳደረም፤ ማታ ለማጥናት የቆረጠ ተማሪንም ያገደው ያልጠበቀው ጨለማ እንጂ ስንፍና አልነበረም። ለእንዲህ ያለው ሰው «ሰዓትህን አክብር» የሚለው ምክር ከንቱ ነው፤ የሚጠቅመው የተቆረጠውን ጊዜ እጁ ላይ ከሌለው ከመብራቱ ፈትቶ፣ ማንም ሊያቋርጠው ከማይችለው ከነግህ ብርሃን ጋር ማሰር ነው።