በዘር በሚወረስ የመከላከል አቅም ጉድለት የሚመጣ የቀጭን አንጀት ብግነት እንዴት ይታወቃል?

በየአጥቢያችን ሳልና የጆሮ መግል የሚመላለስባቸው፣ ተቅማጣቸው ለሳምንታት የማይቆም፣ እየበሉ የሚከሱ ልጆችና ጎልማሶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው የተበከለ ውኃ ወይም የምግብ እጥረት ነው። በጥቂቶች ላይ ግን ከወላጅ የተወረሰ በሽታን የመከላከል አቅም ጉድለት ሊሆን ይችላል። የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ጉዳዩን ቢረዱት ሕሙማንን በጊዜው ወደ ሐኪም ለመምራት ስለሚጠቅም፣ በአጭሩ ልናብራራው ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም፣ ኢንፌክሽን የሚደጋገምበት አንድ ልጅ በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት እንደሌሉት ገለጹ። ከዚያ ወዲህ በዘር የሚወረሱ በርካታ የመከላከል አቅም ጉድለቶች ታውቀዋል። በአንዳንዶቹ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም፤ በሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎች ተሕዋስያንን ቢውጡም መግደል ይሳናቸዋል። የመከላከል ሥርዓቱ ተዋጊ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የሚገታበት ልጓምም አለው። ልጓሙ ሲላላ፣ ዘወትር ከምግብና ከተሕዋስያን ጋር የሚገናኘው አንጀት ይቆጣል፤ ይህም ብግነት ይባላል።

ብግነቱን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። የአዋቂ ሰው ቀጭን አንጀት ስድስት ሜትር ገደማ ይረዝማል። በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ከታች የሚገባው ደግሞ የመጨረሻውን ጫፍ ያያል፤ መካከሉ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። በሰገራ ጃርዲያና ሌሎች ተሕዋስያን ይፈለጋሉ፤ በደም የአልቡሚን፣ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 መጠን ይለካል። ካልፕሮቴክቲን የተባለው ፕሮቲን በሰገራ ውስጥ ሲበዛ ብግነትን ይጠቁማል። መጠኑ ልከኛ ቢሆንም ግን የቀጭን አንጀት ብግነት የለም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስንዴን ባለመቀበል የሚመጣውን ሴሊያክን የመሰሉ በሽታዎች የሚመረመሩት በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል በመፈለግ ነው። ፀረ እንግዳ አካል ማምረት በማይችል ሕመምተኛ ላይ «የለም» የሚለው ውጤት ዋጋ የለውም፤ ዲዳውን «መስክር» ብሎ ዝም ቢል ነገሩ አልተፈጸመም ብሎ እንደ መፍረድ ነው። በመሆኑም ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ ከአንጀቱ ግድግዳ ናሙና ይወስዳል። ምግብ የሚመጡት ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች ጠፍጣፋ መሆናቸው ጉዳቱን፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ሴሎች መታጣታቸው ደግሞ የተወረሰውን ጉድለት ያመለክታል።

ለመካከለኛው ክፍል ሌሎች ዘዴዎች አሉ። አልትራሳውንድ የአንጀት ግድግዳ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ መወፈሩን ሊያሳይ ይችላል። ኤም አር አይ ጨረር ስለሌለው ተደጋጋሚ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ይመረጣል፤ ከተወረሱት ጉድለቶች አንዳንዶቹ በጨረር የሚጎዱ ናቸውና ሲቲ ስካን በጥንቃቄ ይታዘዛል። የምትዋጠው ካሜራ ያላት ካፕሱል መላውን ቀጭን አንጀት ፎቶ ልታነሣ ትችላለች፤ ሆኖም ናሙና አትወስድም፣ አንጀቱ የጠበበ ከሆነም ልትቀረቀር ስለምትችል አስቀድሞ መጣራት አለበት።

በሀገራችን የአንጀት ቲቢም አይዘነጋም። ቲቢው ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው የቀጭን አንጀትን መጨረሻ ስለሆነ፣ መልኩ ከሌላ ብግነት ጋር ይመሳሰላል። ብግነትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ በመሆናቸው፣ ቲቢ ሳይጣራ ቢሰጡ በሽታው ሊሠራጭ ይችላል።

የአጥቢያ አገልጋዮች ድርሻ ምንድን ነው? ተቅማጥና ኢንፌክሽን አብረው የሚደጋገሙበትን ሰው ወደ ጤና ተቋም መምራት፤ በእናት ወገን በሕፃንነታቸው ያረፉ ወንዶች ልጆች ካሉም ቤተሰቡ ለሐኪሙ እንዲናገር ማሳሰብ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ መጋባት ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱትን ጉድለቶች ዕድል ይቀንሳል፤ ከጤነኛ እናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፉትን ግን አያስቀርም። ስለዚህ ማንም እናት ልትወቀስ አይገባም። ክትባትም ለሕፃናት ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ጉድለቱ የተረጋገጠበት ቤተሰብ ብቻ አዲስ ሕፃን የቢሲጂና በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት ከመውሰዱ በፊት ለጤና ባለሙያ ያሳውቅ። ፀበል ለሚጠመቁ ሕሙማንም የንስሐ አባቶች «መድኃኒታችሁን አታቋርጡ» ቢሏቸው፣ ቃላቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል።