«ማድረግ» እና «መሥራት» በሰው ሠራሽ ቋንቋዎች

በዕቅድ የተዘጋጁትን ቋንቋዎች «ሰው ሠራሽ» ብለን ስንጠራ፣ ከሦስት ግሦቻችን አንዱን መርጠናል ማለት ነው። «ፈጠረ» ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣትን፣ «አደረገ» ድርጊትን መፈጸምን፣ «ሠራ» ደግሞ ካለው ነገር ሌላ ነገር ማበጀትን ያመለክታል። የኤስፔራንቶ ሥሮች በአብዛኛው ከሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች የተወሰዱ ስለ ሆኑ ምርጫው ተገቢ ነው። ቋንቋዎቹ ራሳቸው ግን ይህን የትርጉም ክልል እንደኛ አይከፋፍሉትም፤ የተርጓሚው ችግርም ከዚህ ይጀምራል።

ጀርመናዊው ካህን ሽላየር እ.ኤ.አ. በ1879 እና በ1880 ይፋ ባደረገው ቮላፑክ፣ «ዱነን» ማድረግ፣ «ሜከን» መሥራት ነው፤ ጀርመንኛም «ቱን» እና «ማኸን» የሚባሉ ሁለት ግሦች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1887 በዋርሶ ኤስፔራንቶን ያሳተመው ዛሜንሆፍ ግን «ፋሪ» የሚለውን አንድ ግሥ ለሁለቱም አዋለ፤ እርሱ የሚያውቃቸው ሩስኛና ፖሎንኛም እንዲሁ በአንድ ግሥ ይረካሉ። በሥነ አመክንዮ ላይ የተመሠረተው ሎጅባን «ዝባሱ» ለተባለው ግሥ ሠሪውን፣ የሚሠራውን ነገርና የሚሠራበትን ቁስ የሚቀበሉ ቦታዎች መድቦለታል፤ አድራጊን ከድርጊት ጋር የሚያያይዘው ግን «ጋስኑ» የተባለ ሌላ ግሥ ነው። ወደ 120 በሚጠጉ ቃላት የተጀመረው ቶኪ ፖና ደግሞ ማድረግን፣ መሥራትንና መድከምን «ፓሊ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል።

ለ«ፋሪ» «አደረገ፣ ሠራ» የሚል ፍቺ ሰጥቶ ማለፍ ስሕተት ባይሆንም ብዙ አይረዳም። በኤስፔራንቶ የማድረግ ሐሳብ በአብዛኛው የሚገለጸው በግሡ ሳይሆን «ኢግ» በተባለው ድኅረ ቅጥያ ነው፤ «ኢጅ» የተባለው ጓደኛው ደግሞ መሆንን ያሳያል። «አልታ» ከፍ ያለ ማለት ነው፤ «አልቲጊ» ከፍ አደረገ፣ «አልቲጂ» ከፍ አለ። የእኛ «አለ» እና «አደረገ» እዚህ ላይ ልክ እንደ ቅጥያዎቹ ያገለግላሉ። «ብላንኪጊ» ሲሆን ግን «ነጭ አደረገ» ከማለት ይልቅ «አነጣ» ማለት ይቀናል፤ የእኛም ቋንቋ ሥራውን ለ«አ» ቅጥያ ሰጥቶታልና።

ስምምነቱ ሁልጊዜ እንዲህ የተሟላ አይደለም። «ሞርቲ» ሞተ ነው፤ «ሞርቲጊ» በቅርጹ «እንዲሞት አደረገ» ቢሆንም አማርኛው «ገደለ» ነው። «እንዲሞት አደረገ» የሚል ተርጓሚ በዋናው ጽሑፍ የሌለ ተዘዋዋሪነትን ያስገባል፤ አንባቢም ገዳዩ ሌላ ሰው ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። «ማንጂጊ» የባሰ ነው፤ ከ«በላ» የወጣ ሲሆን ተሳቢው በዪውም ተበዪውም ሊሆን ስለሚችል፣ ሐሳቡን የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። አማርኛ ግን ዝም አይልም፤ ልጁን «አበላ»፣ በጉን በጅብ «አስበላ» እያለ ይለያል። ሁለቱን የሚያምታታ ተርጓሚ የሚጽፈው ዐረፍተ ነገር ያስቃል ወይም ያስደነግጣል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ፋሪጂ» ነው። በቅርጹ ከ«ተደረገ» ጋር ስለሚመሳሰል ያታልላል። በኤስፔራንቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆነ ማለት ነው፤ ከበስተኋላው አድራጊ መኖሩን አይናገርም። የእኛ «ተደረገ» ስሙ ባይጠራም አድራጊን ያስባል። በመሆኑም መዝገበ ቃላት አዘጋጂው «ሆነ» የሚለውን ፍቺ አስቀድሞ፣ «ተደረገ፣ ተፈጸመ» የሚሉትን ስለ ድርጊት ለሚነገርበት አገባብ ብቻ ቢያስከትል ይሻላል። «ሊ ፋሪጂስ ኢንስትሩኢስቶ» አስተማሪ ሆነ ነው፤ አስተማሪ ተደረገ ከተባለ ሰውየው ሥራውን የያዘው በሌላ ሰው ፈቃድ ይሆናል።