ቴሌቪዥንን ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት

ቴሌቪዥንን የኮምፒውተር ስክሪን ለማድረግ በቅድሚያ የሁለቱንም ዕቃዎች ማስገቢያ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኤችዲኤምአይ ነው፤ ከዲሽ ሪሲቨር ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ጠፍጣፋ አፍ ያለው ገመድ ማለት ነው። ምስልንና ድምፅን አንድ ላይ ያስተላልፋል። በቆዩ ኮምፒውተሮችና ፕሮጀክተሮች ላይ የሚታየው፣ ግራና ቀኙ በብሎን የሚጠብቀው ባለ 15 ፒን ማስገቢያ ደግሞ ቪጂኤ ነው። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ሥርዓት ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም፤ ለድምፁ ሌላ ገመድ ይፈልጋል።

የሁለቱ ማስገቢያ ካልተመሳሰለ መቀየሪያ ይገዛል። ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ቪጂኤ አናሎግ፣ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ስለሆኑ በመካከላቸው ሲግናሉን የሚለውጥ ቺፕ መኖር አለበት፤ አንዱ ጫፍ ቪጂኤ፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ተራ ገመድ ምንም አያሳይም። አቅጣጫውም ወሳኝ ነው፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ዕቃ በግልባጩ አይሠራም። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ያለው የ«ዩኤስቢ ሲ» ማስገቢያም በቅርጹ ብቻ አይታመንም፤ አንዳንዱ ቻርጅ ከማድረግና ፋይል ከማስተላለፍ ውጪ ምስል አያወጣም።

ገመዱ ከተሰካ በኋላ በሪሞቱ የ«ሶርስ» ወይም የ«ኢንፑት» ቁልፍ ገመዱ የገባበት የኤችዲኤምአይ ቁጥር ይመረጣል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ፊደል ጋር ሲጫኑ አራት አማራጮች ይመጣሉ፦ በኮምፒውተሩ ስክሪን ብቻ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል፣ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን መጠቀም፣ ወይም በቴሌቪዥኑ ብቻ። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከላፕቶፑ የሚወጣ ከሆነ፣ ሰዓቱ አጠገብ ባለው የስፒከር ምልክት ገብቶ የቴሌቪዥኑን ስም መምረጥ ይበቃል።

ብዙዎችን የሚያስቸግረው የጠርዝ መቆረጥ ነው። ከታች ያለው የአዶዎች መስመር በግማሽ ይጠፋል፤ ፊደላቱም ደብዘዝ ይላሉ። ችግሩ ከድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች የተወረሰ ነው። በእነሱ ላይ የምስሉ ዳር ወጣ ገባ ይል ስለነበር፣ ምስሉ በጥቂቱ ሰፍቶ ዳሩ ከፍሬሙ ሥር እንዲደበቅ ይደረግ ነበር። ዛሬ ጥቅሙ ቢያበቃም ልማዱ በብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ 1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት ምስል ቢልክም ቴሌቪዥኑ ለጥጦ ስለሚያሳየው እያንዳንዱ ነጥብ ቦታውን ይስታል። በኮምፒውተሩ ላይ የምስል ጥራቱን መቀነስ ብዥታውን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መፍትሔው ያለው በቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ማስተካከያ ውስጥ ነው፤ እንደ አምራቹ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚል ስም ይሰጠዋል። ያ ሲመረጥ ፊደሉ ወዲያው ጥርት ይላል።

በ4ኬ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ማውዙ እየተቆራረጠ ከሄደ፣ ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ እየታደሰ ሊሆን ይችላል። የኤችዲኤምአይ ስሪት 1.4 አቅም በ4ኬ እዚያ ላይ ያበቃል፤ 60 ለማግኘት ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም ቢያንስ 2.0 መሆን፣ ገመዱም ያንን መሸከም አለበት። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ይህ አቅም በአንዱ ማስገቢያ ላይ ብቻ ስለሚገኝ፣ አዲስ ገመድ ከመግዛት በፊት ያለውን ወደ ሌላው ማስገቢያ አዛውሮ መሞከር ይቀድማል።