ደጋን ይዘን ሜዳ ወጣን

ደጋን ታውቃላችሁ። ጥጥ የሚነደፈው በደጋን ነው። ፍላጻ የሚወረወረውም በደጋን ነው። እኛ ግን እስካለፈው እሁድ ድረስ ደጋን በእጃችን ነክተን አናውቅም ነበር።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ቀን እንማራለን፤ ማታ ፊደል እናስተምራለን። አንድ የምናውቃቸው ሰው ቀስት ውርወራ ያስተምራሉ። «ኑና ሞክሩ» አሉን። እኛም «ይህማ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለን ሄድን።

መምህሩ መጀመሪያ አቋቋም አሳዩን። የሚቆመው በጎን ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል። ግራ እጅ ደጋኑን ይዞ ወደ ዒላማው ይዘረጋል። ቀኝ እጅ ጅማቱን በሦስት ጣት ይስባል። አንዱ ጣት ከፍላጻው በላይ፣ ሁለቱ ከበታች ይሆናሉ። ጅማቱ እስከ አገጭ ይሳባል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ መድረስ አለበት። አንዴ በዛ፣ አንዴ አነስ አድርገን ከሳብን ፍላጻው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ሲለቀቅ ጣትን ማላላት ብቻ ነው፤ መንጨቅ የለም።

ፍላጻ ሳይኖር ጅማቱን ስቦ መልቀቅም ክልክል ነው። ጉልበቱ ወደ ደጋኑ ተመልሶ ሊሰብረው ይችላል።

ዒላማው 10 ሜትር ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው ፍላጻችን ሣር ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ጅማቱ የአንዱን ጓደኛችንን ክንድ ገረፈው። ክርኑን ወደ ውጭ ሳያዞር ስቦ ኖሯል። ክንዱ አበጠ። ዳር ቆመው የሚያዩ ልጆች ሳቁ። አፈርን። ጓደኛችን «በቃ እንሂድ» አለ።

መምህሩ ግን አልሳቁም። «ቀስ በሉ። ልጆቹም መጀመሪያ ስተዋል» አሉን።

ቀጥሎ የሆነው አያስቅም። አንዳችን ፍላጻ ስበን ሳለ ሌላው የወደቀ ፍላጻ ሊያነሳ ሮጦ ወደ ፊት ገባ። መምህሩ «ቁም!» ብለው ጮኹ። የሳበው ጓደኛችን ጅማቱን ሳይለቅ ቀስ አድርጎ መለሰው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከደጋን የወጣ ፍላጻም አይመለስም።

ሕጉን ቀድመው ነግረውን ነበር፤ እኛ ልብ አላልንም። አሁን አስደገሙን። ሁሉም ወርውሮ ሲጨርስ ደጋን መሬት ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ሩጫ የለም።

ስናርፍ ስለ ትልልቅ ውድድሮች አወጉን። በኦሎምፒክ ዒላማው 70 ሜትር ይርቃል። 10 ነጥብ የምታሰጠው የመሃል ክብ ስፋቷ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከስንዝር ታንሳለች። ማት ስተትዝማን የሚባል አሜሪካዊ ሲወለድ ጀምሮ ክንድ የለውም። ደጋኑን በእግሩ ይዞ ይወረውራል። በፓራሊምፒክ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ የብር፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ይህን ስንሰማ ክንዱ ያበጠው ጓደኛችን ተነሥቶ ደጋኑን አነሣ።

እስከ ማታ እያንዳንዳችን 18 ፍላጻ ወረወርን። ዒላማውን የመታነው ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የሚመጣው እሁድ እንመለሳለን።

ሰኞ ማታ ክፍል ገባን። አንድ አባት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «ሀ»ን ይጽፋሉ። ቀድሞ «ቶሎ በሉ እንጂ» እንላቸው ነበር። አሁን ዝም ብለን ጠበቅናቸው። ጽፈው ጨረሱ።