«እንዴት አገባሽ?»

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ ሚኒባስ ዴራ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኩለ ቀን ከሆነ የጠዋቱ ፈረቃ ተለቅቆ ተማሪው አስፋልቱን ዳርና ዳር ይዞታል፤ ልጃገረዶቹ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሦስት አራት ሆነው ወደየገጠሩ ይነጉዳሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር የአርሲዋ ቀርሳ ትዝ ትለኛለች። እዚያ በ1996 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ጥናቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ጉዳዩ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምረው፣ በሀገራችን ስለ ወሲብና ስለ ጋብቻ የሚደረገው ጥናት ገንዘቡንም ጥያቄውንም ለረጅም ጊዜ ያገኘው ከኤችአይቪ ነበር። ስንት ወዳጅ አለህ፣ ኮንዶም ተጠቅመሃል ወይ፣ ተመርምረሃል ወይ። ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፤ ማንበቡ ግን እንቅልፍ ያመጣል። የወሊድ መከላከያውም ጥናት ከዚህ አይለይም።

እኔን የሚይዘኝ የጠለፋው ቁጥር ነው። የጎጂ ልማዶችን የሚከታተለው ብሔራዊ ኮሚቴ ጥናት ለአገሪቱ 69 በመቶ የሚል ቁጥር አወጣ፤ ቁጥሩም ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲዞር ኖረ። የ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ያገቡ ሴቶችን ስለራሳቸው ጋብቻ አንድ በአንድ ጠይቆ 8 በመቶ አገኘ። ጠለፋ በሁለቱ ጥናቶች መካከል ባለችው አጭር ጊዜ እንዲህ አልረገፈም። የተለያየው አጠያየቁ ነው ባይ ነኝ። «እዚህ አገር ጠለፋ አለ?» ቢሉት የማያውቀው ሽማግሌ የለም። «አንቺን ጠልፈውሽ ነው?» ሲባል ግን የአምስት ልጆች እናት የሆነች ሴት ምን ትበል? ባሏ ደጅ ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ገብቶበታል፤ ከብቱም ተሰጥቷል።

አርሲ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በኦሮምኛ «ቡቲ» ጠለፋ ነው፤ «አሴና» ደግሞ ልጅቷ በራሷ እግር ሄዳ የወንዱ ቤት ስትገባ ነው። ወላጅ የከለከላቸው ወይም ከብቱ ያነሳቸው ጥንዶች ተመካክረው ጠለፋ የሚያስመስሉበትም ጊዜ አለ። መጠይቁ «ጠለፋ» የምትል አንዲት ሳጥን ይዞ ሲመጣ፣ የተጎተተችውም የተስማማችውም እዚያው ይገባሉ።

አጠያየቅ ምን ያህል እንደሚወስን ቡታጅራ አሳይታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ እዚያ ከተጠየቁት ትዳር ያዩ ሴቶች 71 በመቶው በባል ወይም በወዳጅ አካላዊ አለዚያም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። የ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ስሜታዊ ጥቃትን ጨምሮ እንኳ ያገኘው 34 በመቶ ነው። ቡታጅራ አንድ ወረዳ ናት፤ ልዩነቱ ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። ግን ጠያቂዎቹም ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ጥናት ሥርዓት አማት ጀበናዋን ይዛ ብቅ ካለች ጠያቂዋ ወረቀቱን ትለውጣለች፤ ስለ ጤናና ስለ ልጆች የተዘጋጀ ሌላ መጠይቅ ከሥር አለ። እኔ በዚህ ሙያ ካየሁት ብልሃት ሁሉ ይህችን የሚያህል የለም።

አንትሮፖሎጂስቶቹ ሌላ በር ከፍተዋል። ኖርዌጂያዊቷ ማሪት ቶሎ ኦስተቦ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ «ወዩ» የሚባለውን፣ ሴትን የሚያስከብረውን ክብር አጥንታለች። እናት ለሙሽራ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር፣ ሲንቄ፣ የዚሁ ክብር ምልክት ናት። አራስን የመታ ባል ደጁ ላይ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ሲሰበሰቡ ካሣውን ሳይከፍል አይለቁትም። ጥሩ ጥናት ነው፤ አንዳንድ የእኛ ተመራቂ ሲደግመው ግን ሲንቄን ሁሉን የሚፈታ መድኃኒት ያደርጋታል። ሲንቄ ባለበት አገር ነው እኮ የቀርሳው ነገር የሆነው።

ሕጉ ተለውጧል። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ክሱን ይተውለት ነበር፤ የ2005ቱ ያንን ሰርዞ ከ3 እስከ 10 ዓመት እስር ደነገገ። የ2000ው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ከቀርሳዋ ልጅ ጎን የቆመችው ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም የቀርሳን ታሪክ በ2014 ለዓለም አሳየ። ስሙ «ድፍረት» ነው፤ ድፍረት በአማርኛ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ከአቤት ባዮቹ አንዷ ባለታሪኳ ራሷ ነበረች፦ ፊልሙ ሲሠራ እኔን ማን ጠየቀኝ ብላ።